አብርሃም ሊንከንና የጋዜጣ ቁራጭ ደብተሩ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እውነተኛ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ምሳሌው የማይነግረን አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከተጻፈው ሁሉ መካከል ለልጅ ልጅ የሚቀረውን መርጦ የሚያስቀምጠው ማን ነው የሚለው ነው። ንጉሥ ዜና መዋዕል ጸሓፊ አለው፤ መንግሥትም መዝገብ ቤት አለው። አንድ ሰው ግን መቀስና ሙጫ ይዞ በቤቱ ተቀምጦ ጋዜጣ እየቆረጠ በደብተር ላይ ሲለጥፍ፣ ይህ ሰው የታሪክ ሥራ እየሠራ ነው ብሎ የሚገምት ብዙ አይደለም።

እኛ በመጨረሻው ክፍል የምንገኝ ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ የሚሆን የታሪክ ጽሑፍ ለማቅረብ ባሰብን ጊዜ፣ አሜሪካዊው ጠበቃ አብርሃም ሊንከን በ1858 የምርጫ ክርክር ማግሥት ያዘጋጀውን ደብተር መረጥን። ሊንከን ባሮችን ነፃ ያወጣ ፕሬዚዳንት መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። በአንድ ግዛት ምርጫ ተሸንፎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ጠበቃ በነበረበት ጊዜ ምን እንዳደረገ ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ሊንከን በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በኬንታኪ ግዛት ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። በትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም ነበር። የቀረውን ዕውቀቱን ያገኘው በውሰት ካነበባቸው መጻሕፍት ነው። ቤተሰቡ በ1830 ወደ ኢሊኖይ ግዛት ከተሻገረ በኋላ፣ ሊንከን በ1832 ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ወደቀ፤ በ1834 ግን ተመረጠ፤ ከዚያም እስከ 1842 ድረስ በተከታታይ አራት ጊዜ በእንደራሴነት አገለገለ። በዚሁ መካከል ሕግ አጥንቶ በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1837ም ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሄዶ ሥራውን ጀመረ። ከዳኞችና ከሌሎች ጠበቆች ጋር በፈረስና በጋሪ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ ከባልንጀሮቹ ጠበቆች ጋር ከ5,000 በላይ ጉዳዮችን እንደ ያዘ የኋላ ዘመን መርማሪዎች ቆጥረው አረጋግጠዋል።

ይህ ሰው በወረቀት አያያዝ ረገድ የተመሰገነ አልነበረም። በ1850 ለአንድ ጠበቃ በጻፈው ደብዳቤ ላይ መልስ ያዘገየበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ የመጣለትን ደብዳቤ በባርኔጣው ውስጥ እንዳኖረው፣ በማግሥቱ አዲስ ባርኔጣ በመግዛቱ አሮጌው ተጥሎ ደብዳቤውም አብሮ እንደ ተረሳ ገልጿል። እንግዲህ ደብዳቤ በባርኔጣ ውስጥ ያኖር የነበረ ሰው በሌላ ጊዜ ጋዜጣ በጥንቃቄ ቆርጦ በተራ ከለጠፈ፣ ነገሩ በዓይኑ ፊት ከባድ ዋጋ የነበረው ስለ ሆነ ነው ማለት ይቻላል።

የነገሩ ሥር ባርነት ነበር። በ1820 በተደረገው ስምምነት ባርነት በሰሜኑ በኩል በሚገኙት አዳዲስ የምዕራብ አገሮች እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በ1854 ግን የኢሊኖይ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበረው ስቲቨን ዳግላስ፣ በካንሳስና በነብራስካ የሚሰፍሩ ሰዎች ባርነትን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል ራሳቸው ይወስኑ የሚል ሕግ አውጥቶ የቀደመውን ክልከላ አፈረሰው። በ1857 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድሬድ ስኮት በተባለው ሰው ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ ጥቁር ሕዝብ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ምክር ቤቱም በአዳዲሶቹ አገሮች ውስጥ ባርነትን ሊከለክል ሥልጣን የለውም ብሎ ወሰነ። ከኮንግሬስ ወጥቶ ወደ ጥብቅናው ተመልሶ የነበረው ሊንከን በዚህ ምክንያት እንደገና ወደ ፖለቲካ ገባ። በጁን 16 ቀን 1858 የኢሊኖይ ሪፐብሊካን ፓርቲ የዳግላስን ወንበር እንዲወዳደርበት መረጠው።

በዚያ ዘመን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የሚመረጠው በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ሕዝቡ የግዛቱን እንደራሴዎች ይመርጣል፤ እነርሱ ደግሞ የዋሽንግተኑን ሰው ይመርጣሉ። ይህ ሥርዓት የተለወጠው በ1913 ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተከራካሪዎች በየከተማው የሚናገሩት ሕዝቡ የእነርሱን ወገን እንደራሴዎች እንዲመርጥ ነበር። ግዛቱ ዘጠኝ የምርጫ ክልል ነበረው፤ ሁለቱ ሰዎች በቺካጎና በስፕሪንግፊልድ አስቀድመው ተናግረው ስለ ነበር፣ በቀሩት በሰባቱ ውስጥ ፊት ለፊት ሊከራከሩ ተስማሙ። ከኦገስት 21 እስከ ኦክቶበር 15 ቀን 1858 ድረስ በኦታዋ፣ በፍሪፖርት፣ በጆንስቦሮ፣ በቻርልስተን፣ በጌልስበርግ፣ በኩዊንሲና በአልተን ተከራከሩ። የመጀመሪያው ተናጋሪ 60 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 90 ደቂቃ፣ እንደገና የመጀመሪያው 30 ደቂቃ ይናገራል፤ ድምሩ ሦስት ሰዓት ነው። ሕዝቡም ይህን ሁሉ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። የጌልስበርጉ ክርክር የተደረገው በኖክስ ኮሌጅ ሕንፃ ሥር ስለ ነበረ፣ ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን በተለይ ደስ አሰኝቶናል።

ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ቃል እንዴት ተያዘ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በዚያ ዓመት የቺካጎ ጋዜጦች በአጭር ጽሕፈት የሠለጠኑ ሰዎችን ይዘው መጡ። የሪፐብሊካኖቹ ጋዜጣ ፕሬስ ኤንድ ትሪቢዩን ሮበርት ሒት የተባለውን ጸሓፊ ላከ፤ የዳግላስ ወገን የነበረው ቺካጎ ታይምስም የራሱን ጸሓፊዎች ላከ። እነዚህ ሰዎች የሰሙትን በምልክት እየጻፉ በባቡር ወደ ቺካጎ ያደርሱታል፤ እዚያም ተተርጉሞ በጋዜጣ ይወጣል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጋዜጣ የራሱን ሰው ንግግር አስተካክሎ ሲያወጣ፣ የባላጋራውን ንግግር እንደ ተንጋደደ ይተወው ነበር። አንደኛው ሌላውን «ቃል አጣመምክ» እያለ መካሰሱም የዘወትር ነገር ሆነ። አንድ ሰው በዚያን ጊዜ አንድ ጋዜጣ ብቻ አንብቦ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁለቱ አንዱ ሊቅ ሌላው ተብታባ ነው ብሎ በፈረደ ነበር።

በምርጫው ቀን የሊንከን ወገን ከሕዝቡ ድምፅ ጥቂት ብልጫ አገኘ። ነገር ግን የምርጫ ክልሎቹ የተከፈሉት በአሮጌው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ስለ ነበር፣ በምክር ቤቱ ብልጫ ያገኙት የዳግላስ ሰዎች ሆኑ። በጃንዋሪ 5 ቀን 1859 ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ ዳግላስ 54፣ ሊንከን 46 ድምፅ አገኙ።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ እንመለስ። ሊንከን የመሸነፉን ነገር ካወቀ በኋላ፣ በኖቬምበር 20 ቀን 1858 ለፕሬስ ኤንድ ትሪቢዩን አዘጋጅ ለቻርልስ ሬይ ደብዳቤ ጻፈ። ክርክሮቹን በደብተር ለጥፎ ለማኖር እንደሚፈልግ፣ ስለዚህም ክርክሮቹ ከወጡበት ከእያንዳንዱ ጋዜጣ ሁለት ሁለት ቅጂ እንዲልክለት፣ ዋጋውንም እንደሚከፍል አስታወቀው። ሁለት ቅጂ ያስፈለገበት አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ጋዜጣ በሁለት ገጽ የታተመ ስለ ሆነ፣ የፊቱን ቆርጦ የለጠፈ ሰው የጀርባውን ያጣዋል። መልስ ሳይመጣለት አሥር ቀን ስላለፈ፣ ሊንከን ሄንሪ ዊትኒ ለሚባለው ጠበቃ ወዳጁ ስለዚሁ ጉዳይ እንደገና ጻፈ። ዲሴምበር 25 ቀን ጋዜጦቹ እንደ ደረሱት አመስግኖ መለሰለት፤ በዚያው ደብዳቤም ደብተሩ ምናልባት ሊታተም እንደሚችል ጠቀሰ። የተሸነፈ ሰው ከሽንፈቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሽንፈቱን ክርክር ሰብስቦ ማኖሩ ብዙ የሚያስተምር ነገር ነው።

የደብተሩ ዋና ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው። ሊንከን የራሱን ንግግር የወሰደው ከራሱ ወዳጆች ጋዜጣ ነው፤ የዳግላስን ንግግር የወሰደው ደግሞ ከዳግላስ ወዳጆች ጋዜጣ ነው። ባላጋራውን አሳፍሮ ለማሳየት ቢፈልግ ኖሮ፣ ተንጋዶ የታተመው የዳግላስ ንግግር በፕሬስ ኤንድ ትሪቢዩን ላይ ተዘጋጅቶለት ነበር። እርሱ ግን ዳግላስ በወዳጆቹ ብዕር እንደ ተስተካከለ እንዲቆም ፈቀደለት። ይህ ከደግነት ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ የጠበቃ ብልሃትም አለበት። ባላጋራው ራሱ «ይህ ቃሌ ነው» ብሎ የሚቀበለው ማስረጃ በችሎት ፊት አይወድቅም። ከደግነትም መጣ ከብልሃት፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ አንባቢ ሁለቱንም ወገን በተሻለ መልካቸው አግኝቶ ራሱ ይፈርዳል።

በዲሴምበር 1859 የኦሃዮ ግዛት ሪፐብሊካኖች ክርክሮቹን በመጽሐፍ ለማሳተም ጠየቁት። ሊንከንም ቅጂውን ሲልክ፣ በዳግላስ ንግግር ላይ አንዲት ቃል ወይም አንዲት ፊደል መለወጥ ያልተፈቀደ ድፍረት እንደሚሆን፣ በራሱ ንግግር ላይም ያደረጋቸው እርማቶች ጥቂትና የቃላት ብቻ እንደ ሆኑ ገልጾ፣ ያለ ምንም ሐተታ እንዲታተም አሳሰበ። መጽሐፉ በ1860 በኮለምበስ ከተማ ፎሌት፣ ፎስተር በሚባለው ማተሚያ ቤት ወጣ። የሰባቱን ክርክሮች ብቻ ሳይሆን፣ ከእነርሱ በፊት የተደረጉትን ንግግሮችና ሊንከን በ1859 በኦሃዮ ያደረጋቸውንም ሁለት ንግግሮች ጨምሮ የያዘ ነበር። ብዙ ሺህ ቅጂም ተሸጠ። ዳግላስ ንግግሬ ተበላሽቷል ብሎ ለአሳታሚዎቹ ቅሬታውን ማሰማቱን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሊንከን በሜይ 18 ቀን 1860 በቺካጎ ጉባኤ ለፕሬዚዳንትነት ታጨ። በዚያ ዘመን እጩ የሆነ ሰው ራሱ እየዞረ መናገሩ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ ሊንከን በስፕሪንግፊልድ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ አሳቡን ለሚጠይቁትም የታተሙትን ንግግሮቹን እንዲያነቡ ይነግራቸው ነበር። እርሱ ዝም ሲል መጽሐፉ ተናገረለት ማለት ነው። በኖቬምበር 6 ቀን ተመረጠ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የሚያስመሰግነውን ነው። ነገር ግን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጣፋጩን ብቻ ለቅሞ መራራውን ሊተው አይገባውም። ሊንከን በዚያው በ1858 ኦክቶበር ሌላም አነስተኛ ደብተር ለጥፎ ነበር። ይህችኛዋ ለግዛቱ ምክር ቤት ይወዳደር ለነበረው ለወዳጁ ለካፒቴን ጄምስ ብራውን የተዘጋጀች ናት። የዳግላስ ወገን «ሊንከን ጥቁሩን ከነጩ ጋር በሁሉ እኩል ሊያደርግ ነው» እያለ ሕዝቡን ያስፈራራ ስለ ነበር፣ ሊንከን ከንግግሮቹ መካከል ይህን ክስ የሚመልሱትን እየቆረጠ ለጥፎ፣ በመጨረሻው ላይ በገዛ እጁ ደብዳቤ ጽፎ ሰጠው። ብራውን በምርጫው ወደቀ፤ ደብተሪቱ ግን ተርፋ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንዳለች በፎቶግራፍ ታተመች።

በእርስዋም ሆነ በትልቁ ደብተር ውስጥ የሚያሳዝን ቃል ይገኛል። ሊንከን በቻርልስተን ክርክር ላይ፣ ነጭና ጥቁር በማኅበራዊ ኑሮና በፖለቲካ እኩል እንዲሆኑ እንዳልፈለገ፣ ጥቁሮች መራጭ ወይም በችሎት ተቀምጦ ፈራጅ እንዲሆኑ እንደማይደግፍ በግልጽ ተናግሯል። በኦታዋ ደግሞ ጥቁር ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ያገኘውን እንጀራ ለመብላት ከማንም ጋር እኩል መብት እንዳለው ተናግሯል። ሁለቱም ቃል የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ደብተር ላይ ተለጥፈዋል። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «የዘመኑ ሰው ነበረ፤ ሕዝቡን ፈርቶ ነው» አሉ፤ ሌሎቹ «ፍርሃትም ቢሆን ቃሉ በጥቁር ሕዝብ ላይ የተነገረ ቃል ነው፤ እኛም ጥቁሮች ነን፤ እንዳላነበብን ሆነን ልናልፈው አንችልም» አሉ።

በመጨረሻ የተስማማንበት አሳብ ይህ ነው። ሊንከን የቻርልስተኑን ቃል ከትልቁ ደብተር ሊያወጣው ይችል ነበር፤ መቀሱ በእጁ ነበረ፤ ነገር ግን አላወጣውም። እንዲያውም በ1860 እንደ ተናገረው ሆኖ ታተመ። ቃሉ በመቀመጡ ምክንያት ሰውየው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ልንለካው እንችላለን። በጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በአመፁት ግዛቶች የነበሩትን ባሮች ነፃ የሚያደርገውን አዋጅ ፈረመ። በኤፕሪል 11 ቀን 1865፣ ከመገደሉ ሦስት ቀን በፊት ባደረገው በመጨረሻው የአደባባይ ንግግሩ፣ ከጥቁሮች መካከል የተማሩትና በወታደርነት ያገለገሉት የመምረጥ መብት ቢሰጣቸው እንደሚመርጥ ተናገረ። በ1858 አልደግፍም ያለውን በ1865 በከፊል ደገፈ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ሊንከን ሲወለድ ጀምሮ ፍጹም እንደ ነበረ አድርገን እናስብ ነበር፤ ከፍጹም ሰው ደግሞ ተማሪ የሚማረው ጥቂት ነው። ከተለወጠ ሰው ግን መለወጥ እንደሚቻል ይማራል።

ደብተሩ ያልያዘው ነገርም አለ። ጋዜጦቹ ሕዝቡ ያጨበጨበበትን፣ የሣቀበትንና የጮኸበትን ቦታ በቅንፍ ያመለክቱ ነበር፤ ሊንከን ለማተሚያ ቤት ሲያዘጋጀው ይህን ሠረዘው። በዚህም ምክንያት ክርክሩ ከነበረው ይልቅ ጸጥ ያለ ይመስላል። ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ግን የጥቁሮች ድምፅ አለመኖሩ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ እነርሱ ሲነገር፣ በኢሊኖይ የሚኖሩ ጥቁሮች የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ እንዲያውም በ1853 የወጣ የግዛቱ ሕግ ነፃ ጥቁሮች ወደ ኢሊኖይ መጥተው እንዳይሰፍሩ ይከለክል ነበር። የእነርሱን ድምፅ ለመስማት የሚፈልግ አንባቢ ከባርነት አምልጦ ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነውን የፍሬድሪክ ዳግላስን ጽሑፎች ማንበብ ያስፈልገዋል። አንድ ደብተር፣ ያዘጋጀው ሰው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ብቻውን ሙሉ ታሪክ አይሆንም።

የክርክሩ ደብተር ከብዙ ዓመታት በኋላ አልፍሬድ ዋይታል ስተርን በተባለ የሊንከን ጽሑፎች ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ከስብስቡ ጋርም በዋሽንግተን ለሚገኘው ለኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። ክርክሩ 100 ዓመት በሞላበት በ1958ም ቤተ መጻሕፍቱ የደብተሩን ገጾች እንዳሉ በፎቶግራፍ አሳትሟቸዋል። ለአንድ ቀን ተነብቦ እንዲጣል የታተመው የጋዜጣ ወረቀት፣ ቆርጦ የለጠፈው ሰው ስለ ነበረ ብቻ ከ160 ዓመት በላይ ኖረ።

ስለ ዳግላስም አንድ ቃል ሳንጨምር ብንቀር ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። የእርስ በርስ ጦርነት በኤፕሪል 1861 በተነሣ ጊዜ ዳግላስ ባላጋራውን ፕሬዚዳንት ደግፎ ለአገሪቱ አንድነት ቆመ፤ በጁን 3 ቀን 1861ም ሞተ። ንግግሩ በሙሉ ክብሩ በደብተሩ ላይ ተቀምጦለት የነበረ ሰው በመጨረሻው ቀን በዚህ ሁኔታ መገኘቱ የሚያስደስት ነው።

ውድ አንባቢያን! ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የሚጠቅም ሦስት ነገር አግኝተናል። አንደኛ፣ በሚያሸንፉበት ቀን ብቻ ሳይሆን በሚሸነፉበትም ቀን ወረቀትን ማኖር ይገባል። ሁለተኛ፣ ከባልንጀራችን ጋር በምንከራከርበት ጊዜ የእርሱን አሳብ እኛ በምንጠመዝዘው መልክ ሳይሆን፣ እርሱ ራሱ «አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው» በሚልበት መልክ ማቅረብ ይገባናል፤ ይህ ልማድ በክርክር ማኅበርም፣ በቤተሰብም፣ በአገር ጉዳይም ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ለኋለኛው ትውልድ ስናስቀምጥ ደስ የማያሰኘንን ገጽ ቀድደን አንጣል፤ ልጆቻችን ከእኛ በልጠው የሚሄዱት እኛ የቆምንበትን ቦታ በትክክል ሲያዩ ነውና።

ወላጆች በየሣጥኑ ያኖራችኋቸውን ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና አሮጌ ጋዜጦች ቀንና ስም ጽፋችሁ እንድትጠብቁልን እንለምናችኋለን። መምህራንም የትምህርት ቤታችንን ወረቀቶች፣ የተመሰገንንባቸውንም የተነቀፍንባቸውንም፣ አብራችሁ እንድታስቀምጡልን ተስፋ እናደርጋለን። ከእኛ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች የሚቀመጡት ተማሪዎች ስለ እኛ የሚፈርዱት በምንተውላቸው ወረቀት ነው፤ ፍርዱ እንዳይዛባ ወረቀቱ ሙሉ ይሁን።